ለአሮጌ ቤት የእንፋሎት ማሞቂያ የተገዛ ያገለገለ ራዲያተር፦ የዕቃው፣ የሻጩና የገጠማው ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በእንፋሎት በሚሞቅ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ከዓመታት በፊት ተነቅሎ በጠፋ ራዲያተር ምትክ የተገዛን አንድ ያገለገለ የጊዛ ብረት (ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት) ራዲያተር፣ አብረውት የተገጠሙትን አዲስ ቫልቭና አየር ማስወጫ፣ እንዲሁም ሥራውን ያከናወነውን የእንፋሎት ቧንቧ ባለሙያ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ራዲያተሩን ያለ ማመንታት እንደገና እገዛዋለሁ፤ ባለሙያውንም እንደገና እጠራዋለሁ። ዕቃው ጥሩ የሆነው ግን በእርጅናው ወይም በመልኩ አይደለም፤ ከመገዛቱ በፊት የክፍሉ የሙቀት ፍላጎት፣ የቧንቧው ስፋትና ውሃውን አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጨው የቦይለሩ አቅም ተለክተው ከእነርሱ ጋር ስለ ተመጣጠነ ነው። ያለዚህ ልክ የተገዛ ራዲያተር፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ገንዘብ ያባክናል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ግምገማ ውስጥ ለልኬቱ ብዙ ቦታ የሰጠሁትም ለዚህ ነው።

በአሮጌ ቤቶች ውስጥ አንድ ራዲያተር ጎድሎ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ወለሉ ሲፋቅና ቫርኒሽ ሲቀባ ለጊዜው ይነሣና ሳይመለስ ይቀራል፤ ቁም ሳጥን ሲሠራ ቦታ ይዟል ተብሎ ይወጣል፤ ወይም ቤቱ ሳይሞቅ በቆየበት የብርድ ወቅት ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲሰነጥቀው ይጣላል። በዚህ ቤት የላይኛው ፎቅ የማዕዘን ክፍል ውስጥ የቀረው ከወለሉ ብቅ ያለ፣ በታፖ (በቧንቧ አፍ መዝጊያ) የተደፈነ ቧንቧና በእንጨቱ ላይ እግሮቹ ያረፉበት ምልክት ብቻ ነበር። ቧንቧው በታፖ መደፈኑ መልካም ነው፤ በአንዳንድ ቤት በተዘጋ ቫልቭ ብቻ ስለሚተው፣ አንድ ሕፃን እጀታውን ቢያዞረው የሚፈላ እንፋሎት ወደ ክፍሉ ይለቀቃል። እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለበት ቤት፣ ራዲያተር ይገዛም አይገዛም፣ አፉን ዛሬውኑ በታፖ ማስደፈን ይገባዋል።

የቤቱ ማሞቂያ ባለ አንድ ቧንቧ የሚባለው ዓይነት ነው። ከቦይለሩ የሚነሣው እንፋሎት ወደ ራዲያተሩ የሚገባበት መንገድና ሙቀቱን ሰጥቶ ወደ ውሃነት የተለወጠው እንፋሎት የሚመለስበት መንገድ አንድ ነው። ፓምፕ የለውም፤ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል ስለሚሰፋ በራሱ ግፊት ይጓዛል፣ ተመላሹ ውሃ ደግሞ በክብደቱ ብቻ ወደ ታች ይወርዳል። ቦይለሩ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ራዲያተሩን የሞላው አየር ነው። ይህ አየር ከቫልቩ በተቃራኒ ጫፍ ባለው ትንሽ ማስወጫ ካልወጣ እንፋሎቱ የሚገባበት ቦታ አያገኝም፤ አየሩ ወጥቶ ሲያልቅና እንፋሎቱ ማስወጫው ጋ ሲደርስ ማስወጫው በሙቀቱ ራሱን ይዘጋል። ስለዚህ የሚተካው ራዲያተር ለእንፋሎቱ መግቢያ፣ ለውሃው መመለሻ፣ ለአየሩ መውጫ ሊሰጥ ይገባል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲስተጓጎል ክፍሉ ሳይሞቅ ይቀራል ወይም ቧንቧው ሌሊቱን ሙሉ ይንኳኳል። በራዲያተሩ በሁለቱም ጫፍ ቧንቧ ያለበት ቤት የተለየ ጉዳይ ነው፤ እዚያ በመውጫው በኩል ውሃና አየርን አሳልፎ እንፋሎትን የሚያግድ ስቲም ትራፕ ይገጠማል፤ ከዚህ በታች ስለ ማስወጫና ስለ ዘንበልታ የምለውም እዚያ በቀጥታ አይሠራም።

መጀመሪያ ያማከርሁት ድርጅት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ክፍሉን በዓይን ብቻ ተመልክቶ ለሙቅ ውሃ የተሠራ ስስ የግድግዳ ራዲያተር እንዲገጠም ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ያልተቀበልሁት በቅርጹ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያሉት ራዲያተሮች የውስጥ መንገዳቸው ጠባብ፣ መግቢያቸውም በአብዛኛው ባለ ግማሽ ኢንች ነው፤ በሙቅ ውሃ አሠራር ውስጥ ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል በፓምፕ ስለሚገፋ ይህ በቂ ነው። በባለ አንድ ቧንቧ እንፋሎት ግን ወደ ውስጥ የሚገፋው እንፋሎትና ወደ ውጭ የሚወርደው ውሃ በዚያው ጠባብ አፍ ይጋጠማሉ፤ እንፋሎቱ ውሃውን መልሶ ይገፋዋል፣ ውሃው ይጠራቀማል፣ ቧንቧው መንኳኳት ይጀምራል። ለአሮጌ የእንፋሎት ቤት አሳቢ የሆነ ባለሙያ ይህን ሐሳብ ባላቀረበው ነበር። የሥራው ዋና አደጋ ያለውም እዚህ ይመስለኛል፦ ቧንቧ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንፋሎት ያውቃል ማለት አይደለም፤ ስለ እንፋሎት የማያውቅ ሰው ደግሞ በራሱ ሙያ ጎበዝ ስለሆነ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል።

ሥራውን በመጨረሻ የሠራው ባለሙያ የጀመረው በሜትር ነው። የክፍሉን የውጭ ግድግዳ፣ የመስኮቶቹን ስፋት፣ የጣሪያውን ሁኔታ መዝግቦ፣ በአካባቢው በሚጠበቀው ከፍተኛ ብርድ ክፍሉ በሰዓት ወደ 8,600 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ያህል ሙቀት እንደሚያጣ አሰላ። የእንፋሎት ራዲያተሮች የሚለኩት በካሬ ጫማ ነው፤ በዚህ ሙያ አንድ ካሬ ጫማ የሚባለው፣ በራዲያተሩ ውስጥ 102 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሆነ እንፋሎት፣ በክፍሉ ውስጥም 21 ዲግሪ ገደማ የሆነ አየር ሲኖር በሰዓት 240 ቢቲዩ፣ ማለትም 70 ዋት ያህል፣ የሚሰጥ የራዲያተር መጠን ነው። 8,600ን ለ240 ስናካፍለው 36 ካሬ ጫማ ያህል ይወጣል። ከዚህ በኋላ ፍለጋው በግምት ሳይሆን በቁጥር ሆነ፤ ይህ ብቻውን የባለሙያውን ክፍያ ተገቢ ያደርገዋል።

የአሮጌ ራዲያተር አቅም የሚታወቀው ከቁመቱ፣ በአንዱ ጎድን ውስጥ ካሉት ዓምዶች ብዛትና ከጎድኖቹ ቁጥር ነው። ጎድን የምለው ጎን ለጎን ተጣብቀው ራዲያተሩን የሚሠሩትን ቁራጮች ነው። ባለ ሦስት ዓምድና 38 ኢንች ቁመት ያለው ጎድን 5 ካሬ ጫማ ተብሎ ይያዛል፤ ቁመቱ 26 ኢንች ከሆነ 3.75 ይሆናል፤ ባለ ሁለት ዓምዱ 38 ኢንች ደግሞ 4 ነው። ክፍላችን ውስጥ ራዲያተሩ የሚቆመው በመስኮቱ ሥር ስለሆነና የመስኮቱ ደፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የመረጥነው ባለ 26 ኢንቹን፣ ማለትም 66 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን፣ ባለ አሥር ጎድን ነው። አቅሙ 37.5 ካሬ ጫማ፣ በሰዓት 9,000 ቢቲዩ መሆኑ ነው። በወለሉ ላይ የቀረው ምልክት የሚያሳየው ጥንት የነበረው ራዲያተር ከዚህ በግልጽ ይረዝም እንደነበር ነው፤ ብዙ ሰው የድሮውን ያህል ካልተካሁ ክፍሉ አይሞቅም ብሎ ይሰጋል። ነገር ግን የድሮው የተመረጠው መስኮቱ ነጠላ መስታወት፣ ጣሪያውም ባዶ በነበረበት ጊዜ ነው፤ አሁን መስኮቱ ድርብ፣ ጣሪያውም በሙቀት መከላከያ የተሸፈነ ሆኖ ሳለ የድሮውን ያህል መመለስ ክፍሉን ማታፈን ይሆን ነበር። በባለ አንድ ቧንቧ አሠራር ደግሞ ቫልቩን በከፊል ዘግቶ ሙቀት መቀነስ አይቻልም፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ወይም ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ብቻ መቆየት አለበት፤ በከፊል ሲዘጋ ውሃው መመለሻ አጥቶ ራዲያተሩ ውስጥ ይታሰራል። ስለዚህ ትልቅ ገዝቶ በኋላ ማስተካከል የሚባለው ዘዴ እዚህ ዋጋ የለውም።

የቧንቧው ስፋትም የራሱ ድርሻ አለው። በባለ አንድ ቧንቧ አሠራር ባለ 1 ኢንች ቫልቭና ቧንቧ ወደ 25 ካሬ ጫማ ለሚደርስ ራዲያተር፣ ባለ 1¼ ኢንች ደግሞ እስከ 60 ካሬ ጫማ ገደማ ለሚደርስ ይሆናል። ከወለሉ የወጣው ቧንቧ ባለ 1¼ ስለነበር ለ37.5 ካሬ ጫማ ይበቃል። ባለ 1 ኢንች ቢሆን ኖሮ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበር፦ ያነሰ ራዲያተር መግዛት፣ አለዚያም ግድግዳውን ከፍቶ ቧንቧውን እስከ ዋናው መስመር ድረስ መቀየር። ባለሙያው ቤዝመንት ወርዶ ይህ ቋሚ ቧንቧ አሁንም ከዋናው የእንፋሎት መስመር ጋር የተያያዘ መሆኑንና ወደ ዋናው መስመር ዘንበል ማለቱን በውሃ ልክ አረጋግጧል። ይህን ማድረጉ ተገቢ ነው፤ ከላይ ታፖ የተገጠመለት ቧንቧ ከታች ተቆርጦ መገኘቱ ያጋጥማልና።

የቦይለሩ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ለእንፋሎት ቦይለር ልኩ የቤቱ ስፋት ሳይሆን የራዲያተሮቹ ድምር ነው፤ ቦይለሩ በአንድ ሰዓት የሚያመነጨው እንፋሎት ሁሉንም ራዲያተሮች መሙላት አለበት። በቦይለሩ የመረጃ ሰሌዳ ላይ አቅሙ በካሬ ጫማ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ ቁጥር ቧንቧዎቹን ለማሞቅ ከራዲያተሮቹ ድርሻ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛ ያህል ጭማሪ አስቀድሞ ተቀንሶለት የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ የራዲያተሮቹን ድምር ከእርሱ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ይቻላል። ባለሙያው በቤቱ ያሉትን ራዲያተሮች በሙሉ ቆጥሮ ሲደምር፣ አዲሱን ጨምሮም ድምሩ ከሰሌዳው ቁጥር በታች ሆነ። ራዲያተሩ ከጠፋ በኋላ ቦይለሩ ተቀይሮ፣ የቀየረውም ሰው በቀሩት ራዲያተሮች ልክ ብቻ መርጦት ቢሆን ኖሮ፣ አዲሱ ራዲያተር ሲጨመር ከቦይለሩ የራቁት ክፍሎች በከፊል ብቻ ይሞቁ ነበር፤ እንዲህ ያለ ችግር ደግሞ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስ። ራዲያተሩ የተገዛው ከፈረሱ ሕንፃዎች የወጡ ዕቃዎችን ከሚሸጥ ነጋዴ ነው። በዚህ ዓይነት ገበያ ውስጥ የሙቅ ውሃና የእንፋሎት ራዲያተሮች ተደባልቀው ይቆማሉ፤ መለየቱ ግን ከባድ አይደለም። ጎድኖቹ ከላይም ከታችም የተያያዙት ለሁለቱም አሠራር ይሆናሉ፤ ከታች ብቻ የተያያዙት ግን ለእንፋሎት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ እንፋሎት ከአየር ስለሚቀል በእያንዳንዱ ጎድን ውስጥ ከታች ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሃ ግን የላይኛው መንገድ ካልተከፈተለት አይዞርም። የእኛው ከታች ብቻ የተያያዘው ነው። ገዢው በዚህ ጊዜ ሊያየው የሚገባው ሌላ ነገር በመጨረሻው ጎድን ላይ፣ ከቁመቱ አጋማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ለአየር ማስወጫው የሚሆን ጥርስ ያለው ቀዳዳ መኖሩ ነው፤ ለሙቅ ውሃ የተሠራ ከሆነ ቀዳዳው ከላይ ጥግ ላይ ስለሚሆን በትክክለኛው ቦታ አዲስ መብሳትና ጥርስ ማውጣት ያስፈልጋል።

ነጋዴውን የማመሰግንበት ነገር ራዲያተሩን በውሃ ሞልቶ፣ በግፊት ፈትኖ፣ እኔም ቆሜ እንዳይ መፍቀዱ ነው። በበረዶ የተሰነጠቀ ጊዛ ብረት ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሚሆን በቀለም ሥር ተደብቆ ይቀራል፤ ፈተና ሳይደረግለት የተገዛ ራዲያተር ዋጋው ምንም ያህል ዝቅ ቢል አይመከርም። ፈተናው በውሃ መደረጉም አስፈላጊ ነው፤ በከፍተኛ ግፊት በታመቀ አየር የሚደረግ ፈተና ብረቱ ከተሰነጠቀ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ነጋዴውን የምወቅሰው ግን በሁለት ነገር ነው። በዕቃዎቹ ላይ የለጠፈው የአቅም ቁጥር ቁመቱንና የዓምዱን ብዛት ሳይገልጽ በድፍኑ የተጻፈ ነው፤ እኛ በሜትር ለክተን ከደረስንበት ቁጥር ጋርም በአንዳንዶቹ ላይ አይገጥምም። ረጅም መስሎ ከታየው ራዲያተር ላይ ጎድኖች ቀንሶ ሊሸጥልኝም አቅርቦ ነበር። ጎድኖቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በውስጣቸው በሚገባ አጭር የብረት ቀለበት ነው፤ ይህ ቀለበት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይነካ ከቆየ በኋላ ተላቆ እንደገና ሲገጥም ማፍሰሱ የተለመደ ስለሆነ፣ ልኩ የሆነውን ሙሉ ራዲያተር መፈለግ ከመቁረጥ ይሻላል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ ፍለጋው ጊዜ ቢወስድም ትክክል ነበር።

የቀለሙ ነገር አጭር ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መፋቅ ወይም በአሸዋ ወረቀት ማሸት አደገኛ ነው፤ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህ ሥራ ለሚያውቅበት ሰው መተው አለበት። የብር ወይም የነሐስ መልክ ያለው የብረት ቀለም በላዩ ላይ ሲኖር ራዲያተሩ የሚሰጠውን ሙቀት በመጠኑ ይቀንሳል፤ የሚቆጠረው የላይኛው ሽፋን ብቻ ስለሆነ በተራ ዘይት ቀለም መሸፈኑ ይበቃል። የእኛው በብር ቀለም የተቀባ ነበርና በላዩ ላይ ተቀባ፤ መጀመሪያ በሞቀባቸው ጊዜያት የቀለም ሽታ ስለነበረው መስኮት መክፈት አስፈልጓል።

ክብደቱን ማቃለል አይገባም። ለዚህ ዓይነት ራዲያተር በካሬ ጫማ ወደ 7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 ኪሎ በላይ ይገመታል፤ የእኛው ወደ 120 ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው። ደረጃ ለማውጣት አራት ብርቱ ሰዎችና ጠንካራ ጋሪ ያስፈልጋሉ። ራዲያተሩ እንደቆመ እንጂ እየተጎተተ መሄድ የለበትም፤ ሲጎተት የጎድኖቹ መጋጠሚያ ይላላል። በእግሮቹ ሥር ሰፊ ሳንቃ ሳይደረግ ለስላሳ እንጨት ላይ ማቆምም ወለሉን ይሰብራል።

የባለሙያው ብቃት ከሁሉ በላይ የታየው ታፖውን ሲፈታና ቫልቩን ሲገጥም ነው። በቋሚው ቧንቧ ላይ አንድ መፍቻ ይዞ ሌላኛውን መፍቻ በታፖው ላይ አሳርፎ፣ ሙቀት ሰጥቶ፣ ቀስ ብሎ ፈታው። አንድ መፍቻ ብቻ ይዞ በኃይል የሚያዞር ሰው ቢሆን፣ ኃይሉ ወደ ታች ሄዶ በወለሉ ሥር የተደበቀውን ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ሊያላላው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ያ ደግሞ የታችኛውን ክፍል ጣሪያ መክፈት ማለት ነው። አዲሱ ቫልቭ ለእንፋሎት የተሠራ ባለ ማዕዘን ቫልቭ ነው፤ አብሮት የመጣውን ወደ ራዲያተሩ የሚገባ አጭር ቧንቧና ዳዶ ባለሙያው በአንድነት ተጠቅሟል። የአሮጌው ዩኒየን (ቫልቩን ከራዲያተሩ ጋር የሚያያይዝ መጋጠሚያ) ግማሽ በራዲያተሩ ላይ ቀርቶ ስለነበር አውጥቶ ጣለው፤ የአንዱ ቫልቭ ፊት ከሌላው ቫልቭ ፊት ጋር ተጣጥሞ ስለማይዘጋ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ማጋባት ማፍሰስን ይጋብዛል። የተጣበቀውን ቁራጭ ለማውጣት የራዲያተሩን ጥርስ ሳይነካ ከውስጥ በመጋዝ በጥንቃቄ ቀደደው፤ ይህ በትዕግሥት ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አስቀድሞ ታስቦበት ስለነበር ብዙ ድካም ቀርቷል። የራዲያተሩ መግቢያ ቀዳዳ ከወለሉ ያለው ከፍታና የቫልቩ አፍ ከፍታ እኩል መሆን አለባቸው፤ የአሮጌ ራዲያተሮች ከፍታ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ባለሙያው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ከፍታውን ለክቶ፣ የኛው ራዲያተር መግቢያ ከቫልቩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ እንደሚል ስለሚያውቅ፣ በእግሮቹ ሥር የሚገቡ የብረት ንጣፎች አዘጋጅቶ መጣ። ቧንቧውን በጉልበት አጣምሞ ወደ ራዲያተሩ ማምጣት ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው፤ ቧንቧው ሲሞቅ ስለሚረዝም በኋላ መጋጠሚያውን ይፈታዋል። ከዚያም ከቫልቩ በራቀው ጫፍ ያሉትን እግሮች በተጨማሪ ንጣፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ራዲያተሩ በሙሉ ወደ ቫልቩ ዘንበል እንዲል አደረገ። ዘንበልታው ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ ነገር ግን ውሃው ሁሉ ወደ መመለሻው የሚወርደው በእርሱ ነው፤ በውሃ ልክ ሲታይ አረፋው ከመሐል ወደ ማስወጫው ጎን ያዘነብላል።

አየር ማስወጫው ሊስተካከል የሚችል ዓይነት ነው፤ የሚወጣው አየር ፍጥነት በአፉ ላይ ባለ ትንሽ ማዞሪያ ይወሰናል። ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ ቤዝመንት ውስጥ በዋናው መስመር ጫፍ ላይ ያለውን ትልቁን ማስወጫ ፈትኖ መሥራቱን አረጋገጠ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ዋናው መስመር አየሩን በፍጥነት ካላወጣ በራዲያተሩ ላይ የሚደረገው ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ነው። የራዲያተሩን ማስወጫ መጀመሪያ በዝግታ አስጀምሮ ቆየት ብሎ ጨመረው። በጣም ሲፈጥን እንፋሎቱ ከሚመለሰው ውሃ ጋር ይጋጭና ማስወጫው ውሃ ይተፋል፤ በጣም ሲዘገይ ክፍሉ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል። አሁን ባለበት ልክ ክፍሉ ከጎረቤቱ ክፍል ጋር እኩል ይሞቃል፤ ድምፁም አየር ሲወጣ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው። ማዞሪያው ግን ያለ መሣሪያ በእጅ የሚነካ መሆኑ አያረካኝም፤ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ቋሚ ልክ ያለው ማስወጫ የተሻለ ይሆን ነበር።

ቅሬታዬ ከገጠማው በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። በገጠማው ወቅት በቧንቧው ጥርስ ላይ የተቀባው ዘይት ከተመላሹ ውሃ ጋር ወደ ቦይለሩ ይወርዳል፤ ዘይቱም በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ፈላው እንዲናወጥ፣ እንፋሎቱም እርጥብ ሆኖ ውሃ ይዞ እንዲወጣ ያደርጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቦይለሩ የውሃ መመልከቻ መስታወት ውስጥ ውሃው ይዘል ነበር፤ ቤቱ ቀድሞ ያልነበረውን ማንኳኳትም ያሰማ ጀመር። መፍትሔው ይታወቃል፦ ቦይለሩ ላይ ከውሃው ወለል ትይዩ ባለው ቀዳዳ በኩል ቧንቧ ገጥሞ፣ ውሃውን ሳይፈላ እያሞቁ፣ በጣም በዝግታ እየሞሉ፣ ተንሳፋፊው ዘይት ጠርቶ እስኪያልቅ ማስወጣት ነው። ባለሙያው ስነግረው መጥቶ በትክክል ሠርቶታል፤ ማንኳኳቱም ቆሟል። ነገር ግን ይህ ሥራ መጀመሪያ በተስማማንበት ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም፤ መኖር ነበረበት፤ ማንም አዲስ ራዲያተር የሚያስገጥም ሰው ይህን ከክፍያው በፊት በጽሑፍ እንዲያስገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ግፊትም አንድ ነገር መባል አለበት። ራዲያተር አልሞቅ ሲል የቦይለሩን ግፊት ከፍ የማድረግ ልማድ አለ። የቤት ማሞቂያ በጣም ዝቅተኛ ግፊት ነው የሚፈልገው፤ ባለሙያው የእኛን መቆጣጠሪያ ግፊቱ 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሳይሞላ ቦይለሩን እንዲያጠፋ አድርጎ ትቶታል። ግፊት ሲጨምር እንፋሎቱ ይበልጥ ይታመቃልና ጉዞው ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም፤ ማስወጫዎቹም ይጎዳሉ፤ ነዳጅም ይባክናል። አዲሱ ራዲያተር ለቦይለሩ የጨመረበት ሸክም መጠነኛ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ በሰዓት 4 ኪሎ ያህል እንፋሎት ወደ ውሃነት ይለውጣል፤ ውሃው በሙሉ ስለሚመለስ ለቦይለሩ የሚጨመር ውሃ አያስፈልግም። ከገጠማ በኋላ ቦይለሩ አዘውትሮ ውሃ የሚጠይቅ ከሆነ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል።

አዲስ የጊዛ ብረት ራዲያተርም ይሸጣል፤ በፍትሐዊነት ልመዝነው። አዲሶቹ ቀጫጭን ዓምዶች ስላሏቸው ተመሳሳይ ሙቀት በጠበበ ቦታ ይሰጣሉ፣ አቅማቸው በአምራቹ በግልጽ ተጽፏል፣ ዋስትናም አላቸው። ቦታ ለጠበበበት መታጠቢያ ቤት፣ ወይም ያገለገለ ዕቃ ተፈትኖ ለማይገኝበት ሰው አዲሱን እመርጥለታለሁ። ከመግዛቱ በፊት ግን ለባለ አንድ ቧንቧ እንፋሎት መሆኑንና ቀዳዳው የቧንቧውን ስፋት የሚቀበል መሆኑን ከሻጩ በጽሑፍ ማግኘት አለበት። ለዚህ ክፍል ያገለገለውን የመረጥሁት በቤቱ ካሉት ሌሎች ራዲያተሮች ጋር የብረቱ ብዛት ስለሚመሳሰል ነው፤ ቦይለሩ ከጠፋ በኋላ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ይቀዘቅዛሉ፤ ቀለል ያለ ብረት ያለው አንድ ራዲያተር በመካከላቸው ቢገባ ያ ክፍል ቶሎ እየሞቀ ቶሎ ይቀዘቅዝ ነበር። የዚህ ዋጋ ግን ዝግታ ነው፤ ጠዋት ክፍሉን በፍጥነት ማሞቅ የሚፈልግ ሰው በከባድ ብረት አይረካም።

ራዲያተሩ ሙሉ የብርድ ወቅት አገልግሏል። ጎድኖቹ እስከ መጨረሻው ይሞቃሉ፣ በዩኒየኑ በኩል ጠብታ አይታይም፣ ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ያለበት ክፍልም ከቀድሞው አልተለየም። የቀረው ሥራ በቤዝመንት ውስጥ ወደዚህ ክፍል የሚወጣውን ቧንቧ በሙቀት መከላከያ መሸፈን ነው፤ አሁን ራቁቱን ስለሆነ እንፋሎቱ ከመድረሱ በፊት ከፊሉ በመንገድ ላይ ውሃ ይሆናል። በአጠገቡ ባለው መስመር ላይ ያለው ነጭ አሮጌ ሽፋን አስቤስቶስ (አቧራው ለጤና አደገኛ የሆነ ቃጫ ማዕድን) ሊሆን ስለሚችል ግን ናሙናው በቤተ ሙከራ ሳይታይ ማንም እንዳይነካው ባለሙያው ራሱ አሳስቧል፤ የመከላከያውን ሥራ የምናስጀምረው ውጤቱ ሲደርሰን ነው።